የጧቱ ለእኔ፣ የማታው ለእርስዎ

ይድረስ ለእኅቴ፣ እናታችን ካለፈች ወዲህም ለእናቴ፣ ለእትዬ ባንቺአየሁ፤ ደብረ ሲና።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሌሊቱ እንዴት እየነጋልዎት ነው? ዳሌዎስ? ፀገነት በስልክ እንደነገረችኝ በጀርባዎ ብቻ መተኛት ሰልችቶዎታል፤ ወደ ጎን መዞርም ገና አልተፈቀደልዎትም። ትራሱን ከጉልበትዎ ሥር ነው የሚያደርጉልዎት ወይስ ከወገብዎ? እህል ይቀምሳሉ? ጉሙ እስከ መስኮትዎ ይወጣል? ከአልጋዎ ሆነው መንገዱ ይታይዎታል ወይስ ጣራውን ብቻ ነው የሚያዩት? ጣራ ብቻ ማየት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ምሕረቱን ያውርድልዎት። ሕመሙን ቀን በቀን ያቅልልልዎት።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን መሥመር በቃልዎ ያውቁታል። እኔ ስለ ራሴ የምጽፈው ያ አንድ መሥመር ነው፤ ከሃያ አራት ዓመት በላይ ሳልለውጠው ኖሬአለሁ። ዛሬ አልጻፍኩትም። ረስቼው አይደለም። ለመጨረሻው አቆይቼዋለሁ፤ እዚያ ስደርስ መጻፍ ከቻልኩ እጽፈዋለሁ።

ፀገነት፣ ይህን ወረቀት ይዘሽ ከአልጋው አጠገብ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። የእናትሽ ዓይን ፊደል ከለየ ቆይቷል። ስለዚህ ከአንቺ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፤ መካከል ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን አታሳንሺ። አንድም መሥመር አትዝለዪ። በስልክ ልናገረው ሦስት ጊዜ ሞክሬ ስላልቻልኩ ነው በወረቀት ያደረግኩት። ወረቀት መሥመሩ አይቋረጥበትም።

እትዬ፣ ሥራዬ አብቅቷል። ያውቁት የነበረው የሰድር መጋዘን፣ ሴራሚኩ ከመርከብ ወርዶ የሚከማችበት፣ ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሠራተኛ በታኅሣሥ ይሸኛል ይላል ደንቡ። ተሸኘሁ። ብርድ ልብስ ሰጡኝ። እዚህ ጆሃንስበርግ አሁን የሙቀት ወር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል፣ ይዘንባል፣ ያቆማል፣ ሙቀቱ ይመለሳል። ብርድ ልብሱን እስከነማሰሪያው ከአልጋው ሥር አስቀመጥኩት።

ከብርድ ልብሱ ጋር አንድ ፎርም ሰጡኝ። ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ድርጅቱና እኔ በየወሩ እያዋጣን መድኃኒቴን የሚችለው ሜዲካል ኤይድ የሚሉት መድን ነበር። የመጀመሪያው ሳጥን፣ በጡረታም በዚያው እቀጥላለሁ ይላል፤ ድርጅቱ ጥቂቱን ይከፍላል፣ የቀረው ከጡረታዬ ይቆረጣል። የቀረው የተባለው የጡረታዬ ከግማሽ በላይ ነው። ሁለተኛው ሳጥን፣ እወጣለሁ ይላል። የወጣ ሰው እንደ ማንኛውም የሰፈር ነዋሪ ወደ መንግሥት ክሊኒክ ሄዶ ተሰልፎ ኪኒኑን በነፃ ይወስዳል። ግን ከወጣ አይመለስም። የሠራተኛ ጉዳይዋ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ሚስተር ለገሠ፣ በዚህ በር የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም፤ ስንቱ ልግባ ብሎ መጥቶ እዚህ ወንበር ላይ አልቅሷል፤ እኔን ካላመኑኝ ወንበሩን ይጠይቁት፣ አለችኝ። እስከ ጥር ሃያ ሁለት፣ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጊዜ ሰጠችኝ።

ሲያዩት የአንድ ሽማግሌ ኪኒን ጉዳይ ይመስላል። አይደለም። የሁለት ሰው ኪኒን ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደዚያ ልሂድ። ቀስ ብዬ። ፀገነት፣ ከዚህ ጀምሮ ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት እርስዎ፣ የደም ግፊቴ መድኃኒት ከከተማው ፋርማሲ ጠፋ፣ ሲገኝም አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጠው ብለው አስጽፈውልኝ ነበር። ወረቀቱ አሁንም አለኝ። በዚያው ሳምንት መድኃኒቴ በታሸገ ከረጢት ወደ መጋዘኑ መጣልኝ፤ ድሮም የሚመጣው እዚያ ነው። ስልሳ ኪኒን። የጧት አንድ፣ የማታ አንድ። የእርስዎም መድኃኒት ኢናላፕሪል፣ የእኔም ኢናላፕሪል። አንድ እናት የወለደችው ግፊት። ያን ዕለት የማታውን አንሥቼ በእጄ ያዝኩት፣ አልዋጥኩትም። በነጋታው ምንም አልሆንኩም። በሳምንቱም ምንም አልሆንኩም። ያሳሳተኝ ይህ ነው። ግፊት በር አያንኳኳም፣ እትዬ። ገብቶ ይቀመጣል።

ከዚያ ወዲህ ለሄደ መንገደኛ ሁሉ ብልቃጥ አስያዝኩ። እርስዎ ጠየቁኝ፤ ለአንተ ሳይበቃህ ነው ወይ የምትልክልኝ ብለው። ድርጅቱ ከሚያስፈልገኝ በላይ ይሰጠኛል፣ ይተርፈኛል አልኩዎት።

አልተረፈኝም። አንድም ቀን ተርፎኝ አያውቅም። የጧቱ የእኔ ነበር፣ የማታው የእርስዎ። በየማታው ከማሸጊያው አወጣለሁ፣ ወደ ብልቃጡ እጥላለሁ፤ ላልመጣ ሰው ከሞሰብ እንደሚነሣ ድርሻ። አንዳንድ ቀን ኪኒኑ ብልቃጡን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ደስታ አሁን ሳስበው ያስፈራኛል።

ይህን የምጽፈው እንዲመርቁኝ አይደለም። ምርቃት የሚያሰጥ ቢሆን እዚህ ላይ ባቆምኩት።

ሰኔ ላይ ሐኪሜ ዘንድ ገባሁ። የድርጅቱ መድን የሚከፍለው ሐኪም ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ወንበሩ የቆዳ ነው፤ ዓይኑ ከኮምፒውተሩ አይነሣም። ለካኝና፣ ይኼ ግፊት እምቢ አለን፤ ዓመት ሙሉ አልወርድ ብሏል፤ መድኃኒቱን በእጥፍ እናሳድገው፣ አለኝ። እሺ አልኩት። ለምን አልወርድ እንዳለ ክፍሉ ውስጥ ካለነው ሁለት ሰዎች አንዱ ያውቅ ነበር። አልተናገረም። ቢናገር ብልቃጡ ይቀራል።

እንዲህ ሆኖ አሥር ሚሊግራሙ ሃያ ሆነ። ነጩ ኪኒን ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሆነ።

በጥቅምት ዘጠና ኪኒን ላክኩልዎት። መንገደኛ ካርቶን አይወድም፤ በአየር ማረፊያ ያስጠይቀኛል ይላል። ስለዚህ እንደ ልማዴ ከማሸጊያው እያወጣሁ በቫይታሚን ብልቃጥ ሞላሁት፤ በላዩም በእጄ፣ ለግፊት፣ በቀን አንድ፣ ብዬ ጻፍኩ። ሃያ የሚለው ቁጥር ማሸጊያው ላይ ቀረ። ማሸጊያው ቆሻሻ ውስጥ ገባ።

እኔ፣ እትዬ፣ ሃያ አራት ዓመት ሳጥን ላይ ቁጥር ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሠላሳ በሠላሳ፣ ስልሳ በስልሳ። አንድ ቁጥር የተሳሳተ ሰድር በጭነት ወጥቶ ሄዶ አያውቅም፤ እኔ ፊት አያልፍም ነበር። ይኼ አለፈ።

ኅዳር ላይ ደወሉልኝ። ቀለሙ ተለውጧል፣ ደኅና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምን እንዳልኩዎት ያስታውሳሉ? እኔ አስታውሳለሁ። አዲሱ ነው፣ ከፊተኛው ይሻላል፣ ጉልበት አለው አልኩዎት። ሳቅኩም። እርስዎም ሳቁ፤ እኔንም ጉልበት ይስጠኝ እንጂ አሉ። በታኅሣሥ ደግሞ፣ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ግድግዳው ይሄድብኛል፣ ዓይኔን ይጋርደኛል አሉኝ። ጾሙ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ እየዋሉ ምን ይጠብቃሉ አልኩዎት። ሐኪም የሆንኩ ያህል። ከዚህ፣ ከአሥራ አንደኛ ፎቅ ሆኜ።

በገና ዋዜማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከድንጋዩ ደረጃ ላይ ወደቁ። ዕድሜ አልጣለዎትም። ድንጋዩም አልጣለዎትም። የጣለዎት የእኔ ሐኪም ለእኔ ያዘዘው፣ እኔ ባለመዋጤ ምክንያት በእጥፍ ያደገ ኪኒን ነው። እርስዎ በታማኝነት ዋጡት፤ በቀን አንድ፣ እኔ እንደጻፍኩት።

ፀገነት ከደብረ ብርሃን ሆስፒታል የብልቃጡን ፎቶ ልካልኝ፣ ግፊቷ ዘጠና በሃምሳ ሆኗል፣ ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ምንድነው፣ ስንት ነው ይላሉ ብላ ጻፈችልኝ። ወዲያው መለስኩላት። ኢናላፕሪል ነው፣ አሥር ነው አልኩ። ላክሁት። ከዚያ በኋላ ነው ተነሥቼ የራሴን የዚያን ወር ካርቶን ያየሁት።

አምስት ጊዜ ደወልኩ። በአምስተኛው አነሣችው። ሃያ ነው፣ ንገሪያቸው፣ ብልቃጡን ከእንግዲህ አትስጪያት አልኳት። ለምን ሃያ ሆነ አጎቴ፣ አለችኝ። መሥመሩ አይሰማም ብዬ ዘጋሁት። መሥመሩ ይሰማ ነበር፣ ፀገነት። ስታለቅሺም ሰምቻለሁ።

በነጋታው ማታ፣ ለእኛ ገና የአበሻው ጎረቤት ሁሉ ሙዚቃ ከፍቶ ሳለ፣ የማታውን ኪኒን ዋጥኩት። ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነው። ጥቂት ቆይቼ ውኃ ልቀዳ ስነሣ መተላለፊያው ወደ ግራ ተዘነበለ። የእሳት ማጥፊያው ቀይ ሲሊንደር ወደ እኔ መጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና የብረቱን መደገፊያ አቅፌ ቆየሁ። አንዲት የዚምባብዌ ሴት ባልዲ ይዛ ስትወጣ፣ ሽማግሌው የአበሻን ገና አከበረ ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አጥንቴ አልተሰበረም። መደገፊያ ነበረኝ።

ከዚያ በኋላ የማታውን ልውጠውም ልልከውም አልቻልኩም። ማሸጊያው ውስጥ ተወሁት። ሌላ ቦታ አላገኘሁለትም።

ፎርሙም ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የአብዱረዛቅን ነገር ጽፌልዎት አውቃለሁ፤ አይቮሪ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው፣ የስልጤው ልጅ። ልጅ እላለሁ እንጂ አርባ አልፎታል። ረቡዕ ረቡዕ ሸቀጥ ሊያወጣ ወደ መሀል ከተማ ሲመጣ ዕቃውን እኔ ዘንድ አሳርፎ ነው የሚሄደው። ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ በር ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ፣ ጋሼ፣ ሰው ለመሞት እዚህ ድረስ መውጣት አለበት? ይለኛል። የኪኒኑን ነገር አልነገርኩትም፤ ፎርሙን ብቻ አሳየሁት። አንብቦ ሲጨርስ፣ ይኼ ማሰብ ይፈልጋል እንዴ? የመጀመሪያውን ነው እንጂ፤ የመንግሥት ክሊኒክ በር ላይ ማን እንደሚቆም አላዩም? የእኔ ሚስት ፈይሩዝ የታመመ ልጅ ይዛ ነው የመለሷት፤ አለ። ጡረታው አይበቃም አልኩት። ኪራዩን ይተዉት፣ ከሱቄ ጓሮ አልጋ አለ፣ ከሩዙ ጆንያ ጋር ይተኛሉ፤ አይጦቹ ሽማግሌ ያከብራሉ፤ አለኝ። ቀልዱ ነው። አልጋው ግን ቀልድ አይደለም፤ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ።

በዚያ ቀን ልቤ ወደ መጀመሪያው ሳጥን አጋደለ። ለምን እንደሆነ ግን ልንገርዎት፤ ለራሴ አልነበረም። የታሸገው ከረጢት በየወሩ ይመጣል፣ ማንም አይቆጥርም፣ የማታውን መልሼ መላክ እችላለሁ፤ ሐኪሙን ወደ አሥር መልስልኝ ብዬ ብጠይቀው ይመልሰዋል፣ እያልኩ ነበር። ዳሌዎ ተሰብሮም። ይህን ሁሉ አውቄም። ዳግመኛ ብልቃጥ እየፈለግኩ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የመንግሥቱን ክሊኒክ ሄጄ አየሁት። ሳላይ አልፈርምም አልኩ። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ስደርስ በሩ ላይ ጎልማሶች ቆመዋል፤ የክሊኒኩ ሰዎች አይደሉም፤ የውጭ ሰው እንዳይገባ መታወቂያ ይጠይቃሉ። የአገሩ ነዋሪ ወረቀት ስላለኝ አሳየኋቸው። ምኩሉ፣ ግባ አሉኝ፤ አያቴ ማለት ነው በቋንቋቸው። ከእኔ ፊት የነበረችውን ልጅ ያዘለች ሴት መለሷት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። ሰምቻለሁ። እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ገባሁ። ይህንንም አብሬ ልጻፈው፤ ዛሬ የሚደበቅ ነገር እንዳይቀር።

ውስጡ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው። የፊተኛው ሲጠራ ሁላችንም አንድ ቦታ እንሸራተታለን። እንዲህ እየተሸራተትን አራት ሰዓት ያህል ሄድን። ነርሷ ትልቅ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከእርስዋ ቀድሞ ይመጣል። የምትውጠውን አውጣ አለችኝ። አወጣሁ። ከማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን አየች፤ ከዚያ መቁጠር ጀመረች። በጣቷ፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላ። እትዬ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ኪኒኔን ሲቆጥር ያየሁት የመጀመሪያው ሰው ነው። ከዚያ ለካችኝ። ሁለት ጊዜ ለካችኝ።

ምኩሉ፣ ይኼ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ቁጥር አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ ኪኒን ትርፍ አለህ፤ ትርፍ የሚባል ኪኒን ደግሞ የለም፤ የማን ነው? አለችኝ።

የእኅቴ ነው አልኳት። በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፤ በአማርኛ ቢሆን የሚወጣኝ አይመስለኝም። የተቀረውንም ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጎበዝ ሐኪም ነው ያለህ፣ ሁለት ሰው እያከመ የአንድ ሰው ብቻ ያስከፍላል፣ አለች። ከዚያ፣ እኅትህን የሚለካት ሰው አለ? አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። ስድስት ዓመት ኪኒን ስልክልዎት፣ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቄዎት አላውቅም።

ሽንቴን መረመረችው። ኩላሊቴ መጎዳት ጀምሯል። ስድስት ዓመት ሙሉ ኩላሊትህ የማታውን ሲጠብቅ ነው የኖረው አለችኝ። መድኃኒቱን ወደ አሥር መልሳ፣ ጧትና ማታ፣ የወር ሰጠችኝ። በየወሩ ማሸጊያውን ይዘህ ና፣ እኔ እቆጥራለሁ፤ መቆጠር ካልወደድክ ወደማይቆጥሩህ ሂድ፤ አለች። ቀጥላ የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ቦታ ተሸራተቱ።

ሁለት ቀን አሰብኩ። ልብ ብሎ ለሚመዝን ሰው የኩላሊቱ ነገር የመጀመሪያውን ሳጥን ምረጥ ይላል። ነገ ቢብስብኝ የድርጅቱ መድን የተሻለ ሆስፒታል ያስገባኛል፤ ክሊኒኩ በር ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ነገ ምኩሉ ይሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ይህን አውቃለሁ። ግን ራሴንም አውቃለሁ። የማይቆጥሩኝ ዘንድ ከቆየሁ፣ እርስዎ በስልክ አንድ ቀን፣ ጠፋ እኮ፣ ብለው ቢተነፍሱ የማታውን እንደገና አወጣዋለሁ። ቁጥሩን አስተካክዬ ነው የምልከው እያልኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አስተካክላለሁ ብዬ እስታለሁ።

የጡረታውም ነገር አለ፤ የለም ብል እዋሻለሁ። አንዱ ምክንያት ሌላውን የሚሸፍን ይመስለኛል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚሸፍን ግን መለየት አቃተኝ።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ሁለተኛውን ሳጥን ሞላሁ። የሠራተኛ ጉዳይዋ ሴትዮ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየች። እርግጠኛ ነዎት? አለችኝ። አይደለሁም አልኳት። እሱ ለፎርሙ አያስፈልግም አለችና ማኅተሙን መታችበት። ወንበሩ ላይ አላለቀስኩም። ቆሜ ነበር።

ስለዚህ፣ እትዬ፣ ከእንግዲህ ብልቃጥ አይመጣም። ይህን ነው ልነግርዎት ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት። አይመጣም።

ፀገነት እንዳጫወተችኝ የጤና መድኑ መዝጋቢ አለማየሁ ቀበሌ ለቀበሌ ሲመዘግብ፣ ሁለት ዓመት ተከታትሎ እርስዎ በር ላይ ደርሶ፣ ወንድሜ ከጆሃንስበርግ ይልክልኛል፣ የእናንተ ደብተር ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብለው መልሰውታል። በኩራት ነው ያሉት፤ አውቃለሁ። ያ ኩራት ከእኔ ብልቃጥ የወጣ ነው። ዳሌዎ ሲሰበር ደብተሩ ስላልነበረ ጊደሯ ተሸጠች። እኔ በደጅዎ የላክሁትን እርስዎ በጊደሯ ዋጋ በጓሮ አወጡት። አሁን ልጅዎ ሠረቀብርሃን ሰኞ ማለዳ ይሂድና ምዝገባው ሳይዘጋ ስምዎን ያስገባ። አለማየሁ ቢቀልድበት ይቀልድ። ከዚያ በየወሩ ይለኩ። መራመድ እስኪችሉ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ ትምጣ። የሚሰጡዎት ከእኔው ያነሰ ቢመስልዎትም፣ ቀለሙ ቢያስጠላዎትም፣ በስምዎ የታዘዘውን ይውሰዱ። መድኃኒት ቢጠፋም ጠፋ ብለው ለእነሱ ይንገሩ፤ ለእኔ አይንገሩኝ። ብንገበገብም አይንገሩኝ።

ፀገነት፣ ያ ብልቃጥ እቤት ካለ አውጪና ቁጠሪው። ዘጠና ነው የላክሁት። ከኅዳር ሃያ እስከ ገና ዋዜማ በቀን አንድ ሲሄድ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አምሳ አንድ መቅረት አለበት። ካነሰ ለማን እንደሰጠች እናትሽን ጠይቂያት። እኔ አውቃታለሁ፤ ያላትን ብቻዋን መዋጥ አትችልም፤ ከእኔ የባሰች ናት። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኤልሳቤትም ግፊት አለባቸው። አትቆጪያት፤ ሄደሽ ከወይዘሮ ኤልሳቤት ላይ ተቀበዪ፤ ዛሬውኑ። ከዚያ ሁሉንም ለጤና ጣቢያው አስረክቢ። ቁጥሩን ደውለሽ ንገሪኝ። ስንት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ፤ መሥመሩ ይሰማኛል።

እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጻፍኩም። ጽፌው ነበር፤ ሰረዝኩት። ስርዙ ከላይ ይታያል። ይቅርታ የጠየቁት ሰው ወዲያው ይቅር ይላል፤ እርስዎማ ሳልጨርስ ነው የሚሉት። እስኪነሡ ድረስ ይቆይ። በሁለት እግርዎ ቆመው፣ ግድግዳ ሳይዙ፣ ያን ጊዜ የሚሉትን ይበሉኝ።

ለፀገነት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ አንብባ ጨርሳ ከሆነ ውኃ ትጠጣ። ለሠረቀብርሃን፣ እናቴን በትከሻህ ተሸክመህ ከመኪና ያወረድክ፣ ክንድህ አይዛል በሉልኝ። ለልጅ ልጅዎ ለዑራኤል፣ ዛሬ የስሙ ቀን ነው፤ የላክሁለትን እስክሪብቶ ቀለሙ ሳይደርቅ ይጻፍበት። ለወይዘሮ ኤልሳቤት፣ ሰላምታዬና ልመናዬ አብረው ይድረሷቸው። ለአለማየሁ፣ ያ በር ሁለት ጊዜ የመለሰህ በእኔ ምክንያት ነው በሉልኝ። አብዱረዛቅም ሰላም ብሏል፤ እናትዎን ይማርልኝ ብዬ አላህን እለምናለሁ፣ እኅትዎ ናቸው ወይስ እናትዎ፣ አምታቱብኝ፤ ይላል።

መጀመሪያ ላይ ያቆየሁት መሥመር እዚህ ነበር ቦታው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ጀመርኩት። መጨረስ አልቻልኩም። በምትኩ ነርሷ የጻፈችውን ቁጥር ልጻፍልዎት፤ መቶ ሰባ ስምንት በመቶ ሁለት። ጤናዬ ይህ ነው። እርስዎም ከእንግዲህ ሲያስጽፉልኝ ቁጥሩን ያስጽፉልኝ፤ ደህና ነኝ አይበሉኝ።

ዝናቡ አሁን አቆመ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ብርጭቆው ከወረቀቱ አጠገብ ነው። ኪኒኑን ካወጣሁት ቆየ፤ ይህን ሁሉ ስጽፍ በግራ እጄ ይዤው ነበር፤ ላቤ ጫፉን ማሟሟት ጀምሯል። የማታው ነው። ስድስት ዓመት የእርስዎ ነበር።

ዋጥኩት።

ወንድምዎ ለገሠ

ጆሃንስበርግ፣ ሂልብሮው
ዓርብ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.